ስለ ጭቃ ግድግዳና ስለ እንጨት ደረጃ አጠጋገን

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዱ አንድ ቁም ነገር እንዲናገር በተወሰነ ጊዜ ጓደኞቼ ያቀረቡልኝ አርእስት ብዙ ነበር። ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም እንድናገር የመከሩኝ አሉ። እነዚህ ሁሉ መልካም አርእስቶች ናቸው፤ ነገር ግን ከእኔ የበለጡ ሰዎች በዚሁ መድረክ ላይ ደጋግመው ተናግረውባቸዋል። እኔ የመረጥሁት ስለ ጭቃ ነው። ከጭቃ ቀጥሎም ስለ እንጨት ደረጃ እናገራለሁ።

አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አያለሁ። ግድ የለም። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ግን ከኩየራ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን ቤቶች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የብሎኬት ቤት በዝቷል፤ ይህ እውነት ነው። ቢሆንም ብዙዎቻችን ተወልደን ያደግንበት ቤት ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ማገሩ ፍልጥ፣ ምርጊቱ ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ይህ ቤት ጠባዩን ለሚያውቅለት ሰው ከአባት ለልጅ ያልፋል፤ ለማያውቅለት ሰው ግን በጥቂት ክረምት ውስጥ ይጎብጣል። የብሎኬት ቤት ለመሥራት የሚበቃ ገንዘብ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ያለንን ቤት ጠብቀን ለማቆየት የሚያስፈልገው ግን አብዛኛው በእጃችን አለ።

የንግግሬን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ወይም ደረጃ ሲላላ፣ ጭቃና ሚስማር ይዘን ከመሮጣችን በፊት ጉዳቱ ከየት እንደመጣ መፈለግ አለብን። ምክንያቱን ሳናስወግድ ስንጥቁን ብንደፍን በሽታውን ሸፈንነው እንጂ አልፈወስነውም። ምክንያቱ ሲፈለግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ውኃ ነው።

የውኃን ነገር ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም፤ እስከ ላስታ ብቻ ልውሰዳችሁ። በላስታ ተራሮች ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየሆነ የተሠራ ሲሆን የድንጋዩ ረድፍ በነጭ ልስን የተለሰነ ነው። ዕድሜው ከ800 ዓመት በላይ ነው። በእኛ ሰፈር በእንጨት የተሠራ ቤት ዐርባ ዓመት ከቆየ ሰው ያደንቀዋል፤ እዚያ ግን እንጨቱና ልስኑ ስምንት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ሠሪዎቹ እጅግ ጠቢባን እንደነበሩ አያጠራጥርም። ነገር ግን አንድ ሌላ ምክንያትም አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው በትልቅ ዋሻ ውስጥ ነው። ዝናብ አይነካውም። እንጨት በራሱ ጊዜ አይሞትም፤ ጭቃም በራሱ ጊዜ አይፈርስም። ውኃ ካላገኛቸው እጅግ ብዙ ዘመን ይኖራሉ።

እኛ ዋሻ የለንም፤ ያለን ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ የግድግዳ ጥገና የሚጀመረው ከጣራ ነው። ከቤታችሁ ውጭ ቁሙና የቆርቆሮው ክፈፍ ከግድግዳው ምን ያህል ወጣ እንዳለ ተመልከቱ። ቆርቆሮ ስለሚወደድ ብዙ ሰው ክፈፉን ያሳጥረዋል። ክፈፉ ካጠረ ከጣራ የሚወርደው ውኃ ግድግዳው ሥር ይወድቃል፤ መሬቱን መትቶም ወደ ግድግዳው ይረጫል። የብዙ ቤት ግድግዳ ከታች፣ እስከ ጉልበት ድረስ፣ ለምን ተልጦ ማገሩ እንደሚታይ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ፍየል ስለላሰው አይደለም (ፍየልም ትልሳለች)። ያ ከመሬት እየነጠረ የሚረጨው ውኃ ያደረገው ነው። በዚያ ላይ በየክረምቱ ጭቃ ብትመርጉበት በየክረምቱ ይወርዳል። ለዚህ መድኃኒቱ አሸንዳ ማድረግ ነው። የአሸንዳ ገንዘብ ለሌለው ሰው ደግሞ ውኃው በሚወድቅበት መስመር ላይ ድንጋይ ወይም ጠጠር መደልደል፣ ከዚያም ወደ ውጭ የሚወስድ ትንሽ ቦይ መቆፈር ነው። ውኃ በልል መሬት ላይ ሲወድቅ ጭቃ ይዞ ይነሣል፤ በጠጠር ላይ ሲወድቅ ግን ኀይሉ ይበታተናል። ይህን ሥራ አንድ ተማሪ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል።

በነቢዩ ሕዝቅኤል መጽሐፍ ምዕራፍ 13 ደካማ ግድግዳ በላዩ እየመረጉ ደኅና ነው ስለሚሉ ሰዎች የተነገረ ቃል አለ። ዝናብና በረዶ መጥቶ ግድግዳውን ከነምርጊቱ ይጥለዋል፤ መሠረቱም ይገለጣል። ነቢዩ የተናገረው ስለ ሐሰተኞች ነቢያት እንጂ ስለ ቤት አልነበረም፤ ነገር ግን ምሳሌውን የወሰደው ሁሉም ሰው ከሚያውቀው ነገር ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ጭቃ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 እንኳ ግድግዳው ስለ ታመመ ቤት ሥርዓት ተሠርቷል፤ ካህኑ ቤቱን ሰባት ቀን ዘግቶ ይቆይና ተመልሶ ያያል፤ የታመመው ድንጋይ ይወጣል፤ ቤቱ ይፋቃል፤ በሌላ ጭቃ ይመረጋል፤ ሕመሙ እንደገና ከተመለሰ ቤቱ ይፈርሳል። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ማየት፣ መጠበቅ፣ እንደገና ማየት፣ መፋቅ፣ ከዚያ በኋላ ነው መምረግ። እኛ ግን ከመምረግ እንጀምራለን።

እንግዲህ ስንጥቅ ስታገኙ በስንጥቁ ሁለት ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ከአንድ ወር በኋላ ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። በዚያ ጊዜ መሠረቱ ሰምጧል፣ ወይም ቋሚው በስብሷል፣ ወይም ምስጥ ገብቶበታል ማለት ነው። ካልሄደ ጭቃው ሲደርቅ የተኮማተረው ነው፤ አያሰጋም። ምስጥ ከሆነ ከመሬት ተነሥቶ ግድግዳውን ይዞ የሚወጣ እንደ እርሳስ የቀጠነ የአፈር መንገድ ታገኛላችሁ። መንገዱን ጠርጎ መጣል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ምስጥ እርጥበት ስለሚወድ በግድግዳው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ፣ ማገዶና ገለባ ካላራቃችሁ በሳምንቱ አዲስ መንገድ ይሠራል። እናቴ ግድግዳ ስትመረምር እንደ ሐኪም በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች። ጭቃው ከማገሩ ተለይቶ እንደሆነ ድምፁ ባዶ እንስራ ይመስላል፤ ያ ሁሉ መውረድ አለበት።

በስምጥ ሸለቆ የምንኖር ሰዎች ስለሆንን ሌላም የስንጥቅ ዓይነት ማወቅ ይገባናል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ በተንቀጠቀጠች ጊዜ ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፤ መንቀጥቀጡም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ብታዩ፣ በተለይም በብሎኬትና በድንጋይ ቤት ላይ፣ ያ የኛ ሥራ አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው መጠራት አለበት። የእንጨትና የጭቃ ቤት በዚህ በኩል የተሻለ ነው፤ ቋሚውና ማገሩ እርስ በርሱ ስለተያያዘ ጭቃው ቢረግፍም ቤቱ ይወዛወዛል እንጂ በአንድ ጊዜ በሰው ላይ አይናድም። ይህ ግን ቋሚው ከሥሩ ካልበሰበሰ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጭቃው ልግባ። በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩአቸውን ሦስት ጠርሙሶች ዛሬ ጧት አዘጋጅቻቸዋለሁ። በእያንዳንዱ ውስጥ እስከ ሲሶው አፈር፣ የቀረውን ውኃ ሞልቼ በደንብ በጥብጬ አስቀምጫቸዋለሁ። አሸዋው ወዲያው ወደ ታች ይወርዳል፤ በላዩ ደቃቁ ይተኛል፤ ሸክላው ግን ብዙ ሰዓት ይንሳፈፍና በመጨረሻ ከሁሉ በላይ ይተኛል። የየንብርብሩን ውፍረት አይቶ አፈሩ ምን እንደ ጎደለው ማወቅ ይቻላል። የዚህ አካባቢ አፈር ብዙው ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ቀላል ድንጋይ ነው። ለእርሻ መልካም ነው፤ ብቻውን ለምርጊት ሲሆን ግን አይጣበቅም፤ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይራገፋል። በአንጻሩ መረሬው፣ በኦሮምኛ ኮትቻ የምንለው ጥቁር አፈር፣ ሸክላው ስለሚበዛ እጅግ ይጣበቃል፤ ነገር ግን ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። አንዱ የጎደለው ሌላው የበዛበት ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ነው እንግዲህ ሥራው። መጠኑን ለማወቅ እንደ ሎሚ የሚያህሉ ድቡልቡሎችን በልዩ ልዩ መጠን ሠርታችሁ በጥላ አድርቁ። የተሰነጠቀው ሸክላ በዝቶበታል፤ በጣት ሲጫኑት የፈረሰው አሸዋ በዝቶበታል፤ ሳይሰነጠቅም ሳይፈርስም የቀረው ያ ነው የናንተ ጭቃ።

ከዚያ ጭዱ ይገባል። ጭድ በጭቃ ውስጥ እንደ ጅማት ነው፤ ጭቃው ሲደርቅና ሲኮማተር ስንጥቁን ወደ አንድ ቦታ እንዳይሰበሰብ ይይዘዋል። አርሲ የስንዴ አገር ስለሆነ በአካባቢያችን በብዛት የሚገኘው የስንዴ ገለባ ነው፤ እርሱ ግን ወፍራምና ለስላሳ ያልሆነ ነው። ለመጀመሪያው ምርጊት ይሆናል። ለላይኛው ግን የጤፍ ጭድ የሚያህል የለም፤ ቢወደድም አንድ ጆንያ ከሻሸመኔ ገበያ መግዛት ይሻላል። ጭቃው በተቦካበት ቀን አይመረግም። ሦስት አራት ቀን ውኃ እየተጨመረበት በየቀኑ ይረገጣል። በዚህ ጊዜ ጭዱ ይርሳል፣ መበስበስ ይጀምራል፣ ጭቃውም ሙጫ እንደ ገባበት ይሆናል። ሽታው ጥሩ አይደለም። ሽታውን የማይታገሥ ሰው ግድግዳውን ደጋግሞ ይጠግናል።

ስንጥቁን የምንሞላው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የላላውን ሁሉ ፍቀን እናወርዳለን። በግድግዳው ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍ ከሆነ ከመፋቅ በፊት ቆጣሪው ላይ ማጥፋት ግዴታ ነው፤ ይህን በኋላ ላይ አስታውሳለሁ የሚል ሰው እንዳይኖር። ስንጥቁን በቢላዋ ወይም በመሮ እናሰፋዋለን፤ ውስጡ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ እንዲሆን፤ እንዲያ ሲሆን የገባው ጭቃ ደርቆ አይወጣም። አቧራውን በመጥረጊያ ካወጣን በኋላ ውኃ እንረጫለን። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ደረቅ ግድግዳ እንደ ተጠማ ከብት ነው፤ ከአዲሱ ጭቃ ውኃውን ባንድ ጊዜ ይጠጣበታል፤ ጭቃውም ሳይጣበቅ ይደርቅና በሦስተኛው ቀን ቅርፊት ሆኖ ይወድቃል። ከረጠበ በኋላ ጭቃውን በጣት ውፍረት ልክ ብቻ እየጠቀጠቅን እንሞላለን። ጥልቅ ከሆነ ባንድ ቀን አይሞላም፤ አንዱ ንብርብር ሲደርቅ ሌላው ይቀጥላል። ፀሐይ የሚበዛበት ግድግዳ ከሆነ እርጥብ ጆንያ ይንጠለጠልበት።

መጨረሻው ልስን የእናቶቻችን ጥበብ ነው። እናቴ አንድ እጅ ትኩስ እበት፣ ሁለት እጅ በወንፊት የተነፋ አፈር፣ ትንሽም አመድ ለውሳ በመዳፏ ትቀባዋለች። በእበቱ ውስጥ ከብቱ አኝኮ ያደቀቀው ሣር አለና የጭድን ሥራ በረቂቅ መልክ ይሠራል። ሲደርቅ ሽታ የለውም። ነጭ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ኖራ አንድ ሌሊት በውኃ ነክሮ፣ አጥልሎ፣ እንደ ወተት አቅጥኖ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባው። ኖራ ዓይን ስለሚያቃጥል ልጆች እንዳይጠጉ።

ስለ ሲሚንቶም ትንሽ ልበል። በከተማችን የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን እንደ ሥልጣኔ ይቆጠራል። እኔ ይህን አልደግፍም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ደንዳና ነው፤ አብሮት አይሄድም። በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ ግን መውጫ ያጣል። ጭቃ ላብ የሚያወጣ ነገር ነው፤ ሲሚንቶው ላቡን ይዘጋበታል። እንጨቱም ከውስጥ ማንም ሳያየው ይበሰብሳል። ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ሲሚንቶው በትልልቅ ገበታ እየሆነ ሲወድቅ ባለቤቱ ግንበኛውን ይረግማል። የሽቦ መረብ በሚስማር መትቶ የሚለስን ሰው አለ፤ እርሱ የተሻለ ይይዛል፤ የላቡን ነገር ግን አያስቀረውም። ሲሚንቶ የሚገባው ከሥር፣ መሬቱ ላይ፣ ድንጋዩን ለማያያዝ ነው።

አንድ ሰው ቢያንስ ይህን ከእኔ ሰምቶ እንዲሄድ የምፈልገው ነገር አለ። ወደ ዝዋይና ወደ ላንጋኖ፣ እንዲሁም ወደ አዳማና ወደ መተሐራ ባለው ቆላ ዘመድ ያላችሁ፣ በወባ ምክንያት የቤት ግድግዳ ውስጡ መድኃኒት እንደሚረጭ ታውቃላችሁ። ቀድሞ ለብዙ ዓመታት ይረጭ የነበረው ዲዲቲ ነበር፤ ዛሬ በሌላ መድኃኒት ተተክቷል። መድኃኒቱ የሚሠራው በግድግዳው ፊት ላይ ተቀምጦ ነው፤ ትንኟ ደም ጠጥታ ስታርፍበት ትሞታለች። እንግዲህ ከተረጨ በኋላ ለመስቀል ወይም ለሌላ በዓል ብለን ግድግዳውን አዲስ ጭቃ ወይም እበት ብንቀባው መድኃኒቱን ቀበርነው ማለት ነው። ቤቱ አምሮ ልጁ ይታመማል። ስለዚህ በቆላ አገር ልስን ከርጭት በፊት ይሁን። ከርጭቱ በኋላ ግን ወራት እስኪያልፉ ውስጡ ይቆይ፤ ውጩን እንደ ወደዳችሁ ጠግኑ።

አሁን ስለ ደረጃ። በሰፈራችን ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ መሠረት ላይ የተሠራ አሮጌ ቤት አለ። ወደ በረንዳው የሚያወጡት አራት የእንጨት ደረጃዎች ነበሩ። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ለፋሲካ ልጆቻቸው መጥተው ደረጃውን አረንጓዴ ቀለም ቀቡት፤ አዲስ መሰለ። በሰኔ ወር አንድ ማለዳ እማማ ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ ሦስተኛው ደረጃ ከእግራቸው ሥር ተሰበረ። የዳሌያቸው አጥንት ተሰብሮ ወራት ተኙ፤ ለሕክምናውም ሁለት በሬ ተሸጠ። ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ለመምጣት ግን የሚደግፋቸው ሰው ይፈልጋሉ። ቀድሞ እርሳቸው ነበሩ ሌላውን የሚደግፉት።

ያን ደረጃ ከአንድ አናጢ ጎረቤታችንና ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ሆነን አፈረስነው። ቀለሙ ከላይ ደኅና ነበር። ሥሩ ግን በጣት ሲነካ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይረግፍ ነበር። አናጢው ጣውላውን ገልብጦ ካየ በኋላ ቀና ብሎ ወደ በረንዳው ጣራ አመለከተ። ቆርቆሮው ላይ፣ ልክ በሦስተኛው ደረጃ አናት፣ ሚስማሩ የወለቀ ቀዳዳ ነበረ። ስንት ክረምት እንደ ተንጠባጠበ እግዚአብሔር ይወቅ። ያን ቀዳዳ ለመድፈን የሚበቃው አንድ ሚስማር ከነላስቲኩ ነው።

የእንጨት ደረጃ ደኅንነት በዓይን አይታወቅም፤ በቀለም ደግሞ ፈጽሞ አይታወቅም። ቀጭን ሚስማር ወይም ወስፌ ይዛችሁ በሦስት ቦታ ውጉት፤ ጣውላው ሚስማር የተመታበትን ጫፍ፣ ሁለቱ የጎን እንጨቶች መሬት የሚነኩበትን ሥር፣ የጣውላውን የታችኛውን ፊት። ደኅና እንጨት ይከለክላችኋል፤ የበሰበሰው ያስገባችኋል። ውኃ በእንጨት ጎን ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ በተቆረጠው ጫፍ ግን እንደ ገለባ ይምገዋል። ስለዚህ የጎን እንጨቱ እግር በአፈር ላይ መቆም የለበትም፤ ከመሬት ከፍ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁም። አንዳንድ ሰው ጫፉን በእሳት አቃጥሎ ይቀብረዋል፤ ከምንም አይሻልም ለማለት ባልደፍርም ድንጋዩን የሚያህል አይደለም። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ከታች ምስጥን ለጥቂት ጊዜ ያርቅ ይሆናል፤ በሚረገጠው ፊት ላይ ግን ሰው ያንሸራትታል፣ አፈሩንም ያበላሻል።

እንጨት ስትገዙም ጥድ ሲሏችሁ የትኛው ጥድ እንደሆነ ጠይቁ። የሐበሻ ጥድና ወይራ ምስጥን የሚቋቋሙ ናቸው። ነገር ግን የሐበሻ ጥድ ዛሬ በጫካችን የተመናመነ ስለሆነ ለደረጃ ብለን አዲስ ዛፍ መቁረጥ አይገባም፤ አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣ ካገኛችሁ ግን እንደ ወርቅ ያዙት። በሙነሳና ሻሸመኔ ደን ተተክሎ በአካባቢያችን የሚሸጠው አብዛኛው የፈረንጅ ጥድ ነው። ቀጥ ያለና ለመላግ የሚመች ነው፤ የአገሩን ጥድ ያህል ግን ምስጥ አይችልም። ባሕር ዛፍም እንደዚሁ ነው፤ በተለይ እርጥቡን ከተጠቀማችሁበት ሲደርቅ ይጠማዘዝና ሚስማሩን ይነቅላል። ቅርፊቱም ይላጥ፤ ነፍሳት የሚጠለሉት በእርሱ ሥር ነው።

ወደ እማማ ደረጃ ልመለስ። አሮጌው ደረጃ አንዱ ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው 14 ነበር። ይህ ራሱ አደጋ ነው፤ እግር የመጀመሪያውን ደረጃ ለክቶ ቀጣዩን በዚያው ልክ ይጠብቃልና። ከመሬት እስከ በረንዳው ስንለካ 85 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ለአምስት ርምጃ ሲካፈል እያንዳንዱ 17 ይሆናል። የመርገጫውን ስፋት 28 አደረግነው። ብሎንዴል የተባለ የፈረንሳይ አርክቴክት በ17ኛው መቶ ዘመን ያወጣው ስሌት አለ፤ ከፍታውን ሁለት ጊዜ፣ ስፋቱን አንድ ጊዜ ደምሩ፤ ድምሩ ከሰው ርምጃ ጋር መስማማት አለበት። ዛሬ ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር ያለውን መልካም ይሉታል። የኛ 62 ሆነ። አናጢው ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ስሠራ ዝም ብሎ አየኝና፣ «እኔ በእግሬ ነው የማውቀው» አለኝ። የእርሱ እግርና የብሎንዴል ቁጥር ተስማሙ።

ከእርሱም የተማርሁት አለ። በጣውላ ጫፍ አጠገብ ሚስማር ስትመቱ የሚስማሩን ሹል ቀድማችሁ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ አደንዝዙት። ሹሉ ሚስማር እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፤ የደነዘዘው ግን ጭረቱን እየቆረጠ ይገባል። ከሚስማር ይልቅ ቪቴ ይሻላል፤ ሲላላ በካቻቢቴ ይጠበቃል። የሚንቋቋ ደረጃ ካለ ጣውላው ከጎን እንጨቱ ጋር በሚገናኝበት ክፍተት ትንሽ ሽብልቅ በኮላ ቀብቶ ማስገባት ነው፤ ድምፁ ወዲያው ይጠፋል። ጣውላው ፊቱ በመረገጥ ብዛት ብቻ ከተበላ፣ ሥሩ ደኅና ከሆነ፣ ገልብጦ መምታት ይቻላል፤ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን ሲሆን በመካከሉ ውኃ የሚያልፍበት ትንሽ ክፍተት ይተው። በመጨረሻው ቀለም ላይ ደረቅ አሸዋ ነስንሰንበታል፤ በክረምት እንዳያንሸራትት። መደገፊያም ጨመርንለት፤ ከሁሉ ይልቅ እማማ የወደዱት መደገፊያውን ነው።

ይህን ሁሉ ስንሠራ የደረሰብንን ልንገራችሁ። ጭቃ ስረግጥ በመንገድ ያለፈ አንድ ሰው ቆም ብሎ አየኝና፣ «ምነው ልጄ፣ ፈተናውን ወደቅህ እንዴ?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከልቡ አዝኖልኝ ነው። ተምሮ ጭቃ የሚረግጥ ሰው አይቶ አያውቅም። በዚህ ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩንም ንቀን የኖርን ሕዝብ ነን፤ የሠሩትን ግን ለብሰነዋል፣ በልተንበታል፣ አርሰንበታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 የአድቬንቲስት ሚስዮን እዚህ ኩየራ ላይ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ትምህርት ለራስ ብቻ ሳይሆን ለእጅም ነው የሚለውን እምነቱን ይዞ ነው የመጣው። እኛ ዛሬ ብዕር እንይዛለን፣ ስልክ እንይዛለን፤ መዶሻ ግን ሲሰጠን እጀታውን ከየት እንደምንይዝ የማናውቅ አለን።

በምዕራብ አፍሪካ፣ በማሊ አገር፣ ጄኔ በምትባል ከተማ ከጭቃ የተሠራ እጅግ ትልቅ መስጊድ አለ። አሁን የቆመው የተሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ነው። የከተማው ሕዝብ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት በየዓመቱ አንድ ቀን ወጥቶ መስጊዱን በሙሉ ይመርገዋል። ወጣቶቹ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው በተተከሉት እንጨቶች ላይ እየወጡ ይለስናሉ፤ ሴቶች ውኃ ያመላልሳሉ፤ ሽማግሌዎች ግንበኞች ይመራሉ፤ ከበሮ ይመታል። እዚያ ጭቃ መያዝ የበዓል ሥራ ነው። ማንም ፈተና ወደቅህ ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ለሚሞክሩ ጓደኞቼ ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ግድግዳው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንደሆነ፣ ወይም ጣራውን የተሸከመው ምሰሶ ከሥሩ የበሰበሰ እንደሆነ ብቻችሁን አትንኩት፤ ጣራው በድጋፍ ሳይያዝ ቋሚ የቆረጠ ሰው ቤቱን በራሱ ላይ ይጥላል። አናጢ ጥሩ፤ አጠገቡም ቆማችሁ ተማሩ። የቀረውን ለመጀመር አካፋ፣ ባልዲ፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ መዶሻ፣ መጋዝና ቱንቢ ይበቃል። ቱንቢ ከሌለ ክር ላይ ድንጋይ ማሰር ነው። ጊዜውም በጋው ነው፤ ምርጊት ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋልና በግንቦት መጨረሻ የተጀመረ ጥገና ከክረምቱ ጋር ሽቅድምድም ነው።

ከዚህ በኋላ ማየት የሚወድ ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ቀርቦ ጠርሙሶቹን ይመልከት፤ እንዳይነቀነቁ ብቻ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ከትምህርት ቤታችን እርሻ የመጣ አፈር ነው፤ ከሞላ ጎደል ተኝቷል፤ ሸክላው ከላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ሁለተኛው ከሁለቱ የተደባለቀው ነው። ሦስተኛው ኮትቻው ነው፤ እርሱ ገና ድፍርስ ነው፤ እስከ ነገ ጧት ድረስ አይጠራም።